በመንገድ ዳር የቀሩ መቃብሮች፦ የሚስዮናዊው የክራፍ ቤተሰብ ታሪክ



በየዓመቱ በመጽሔታችን ላይ ስለ መዋጮና ስለ ቅጣት ብቻ ከምንጽፍ አንድ የታሪክ ጽሑፍ ቢገባበት መልካም ነው ተብሎ በኮሚቴው ስለ ተወሰነ፣ ዕጣው በእኔ ላይ ወደቀ። ብዙ ካሰብኩ በኋላ የአንድ ሚስዮናዊ ቤተሰብ ታሪክ መረጥኩ። «ምነው፣ የራሳችን ሰው ጠፍቶ ነው የፈረንጅ ታሪክ የሚጻፍልን?» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ነገር ግን ይህ ታሪክ ከአንኮበር ተነሥቶ፣ በምፅዋ በረሃ አልፎ፣ ሞምባሳ የሚደርስ ስለሆነ ከእኛ ብዙም የራቀ አይደለም። ደግሞስ ነገሩ የቀብር ነገር ነው፤ ለዕድር መጽሔት ከዚህ የተሻለ ምን ይገኛል? እኛ ጡሩምባ ሲነፋ ድንኳን ይተከላል፣ ንፍሮ ይቀቀላል፣ ጎረቤት ሦስት ቀን ይቀመጣል። እነዚህ ሰዎች ግን ጡሩምባ በሌለበት አገር ነው የሞቱት።

የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።

ዮሐን ሉድቪግ ክራፍ በ1810 በደቡብ ጀርመን፣ በቱቢንገን ከተማ አጠገብ ደረንዲንገን በምትባል መንደር ተወለደ። አባቱ ገበሬ ነበር። በስዊስ አገር በባዝል ከተማ በነበረው የሚስዮናውያን ትምህርት ቤት ከተማረ በኋላ፣ የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን የሚስዮን ማኅበር ቀጥሮ ወደ ኢትዮጵያ ላከው። ጀርመናዊ ሆኖ ለእንግሊዝ ማኅበር መሥራቱ ሊያስገርም ይችላል፤ በዚያን ጊዜ ግን እንግሊዞቹ ገንዘብ እንጂ ወደ ሩቅ አገር የሚሄድ ሰው እንደ ልብ አያገኙም ነበርና የባዝል ተማሪዎችን ይወስዱ ነበር።

መጀመሪያ የሄደው ወደ ዓድዋ ነበር። እዚያ ሳይቆይ በ1838 ከነጓደኞቹ ተባረረ። ከካህናቱ ጋር አልተስማሙም፤ ደጃዝማች ውቤም ከካህናቱ ጋር ተጣልተው ፈረንጅ የሚያስጠጉበት ምክንያት አልነበራቸውም። ክራፍ ግን ተስፋ የሚቆርጥ ሰው አልነበረም። ኢዘንበርግ ከተባለው ጓደኛው ጋር በታጁራ በኩል ገብቶ፣ የአፋርን በረሃ አቋርጦ፣ በ1839 ሸዋ ደረሰ። ኢዘንበርግ ማለት በኋላ የአማርኛ መዝገበ ቃላትና ሰዋስው አዘጋጅቶ በ1841 እና በ1842 ያሳተመው ሰው ነው። እሱ በዚያው ዓመት ሲመለስ ክራፍ አንኮበር ላይ ብቻውን ቀረ።

ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ በደኅና ተቀበሉት። ንጉሡ የሚፈልጉት ስብከቱን ሳይሆን መድኃኒት፣ ጠመንጃና የእጅ ጥበብ የሚያውቅ ሰው ነበር። ክራፍ ደግሞ ያለው መጽሐፍ ነው። እንዲህ ሁለቱም የማይገናኝ ነገር እየተጠባበቁ ሦስት ዓመት ያህል አብረው ኖሩ ማለት ይቻላል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ክራፍ ጥቂት ልጆች አስተማረ፤ የግዕዝ ብራናዎችን ሰበሰበ፤ ኦሮምኛ ተምሮ ከወንጌል ክፍሎችን ወደ ኦሮምኛ መለሰ፤ በ1840 ከንጉሡ ዘመቻ ጋር ወጥቶ ያየውን ሁሉ ጻፈ። ዛሬ የዚያን ዘመን ሸዋ ታሪክ የሚጽፍ ሰው የክራፍን የዕለት ማስታወሻ ሳይገልጥ አያልፍም።

እውነቱን ለመናገር ግን ማስታወሻውን የሚያነብ የእኛ ሰው ብዙ ቦታ ላይ ይከፋዋል። ጾማችንን፣ የቅዱሳንን አማላጅነት፣ የካህናቱን ሥርዓት እየጠቀሰ ሲነቅፍ ወደ ኋላ አይልም። በሰው ቤት እንግዳ ሆኖ የቤቱን አባት መንቀፍ በእኛ ዘንድ ነውር ነው፤ እሱ ግን እንደ ግዴታው ቆጠረው። በ1841 ደግሞ ካፒቴን ሃሪስ የሚመራው የእንግሊዝ መልእክተኛ ቡድን አንኮበር ሲደርስ ክራፍ አስተርጓሚና ረዳት ሆነ። ውሉ በኅዳር ወር ተፈረመ። ሰባኪ የመንግሥት ጉዳይ ውስጥ እጁን ካስገባ በኋላ ሰው በምን ዓይን እንደሚያየው ለማንም የተሰወረ አይደለም።

ከዚህ በኋላ ነው ቤተሰቡ የሚመጣው። ከባዝል ሮዚና ዲትሪክ የምትባል ልጃገረድ ልታገባው ወደ ግብጽ ትመጣ ስለነበር፣ ክራፍ በመጋቢት 1842 ሊቀበላት ከአንኮበር ተነሣ። በወሎ በኩል አድርጎ ወደ ምፅዋ ሲወርድ አዳራ ቢሌ የተባለ የአካባቢው ገዥ ያዘውና ንብረቱን ሁሉ ገፎ ለቀቀው። ሙሽራው እንግዲህ እንዲህ ባዶ እጁን፣ መንገድ ላይ እየለመነ ነው ምፅዋ የደረሰው! በዚያው ዓመት እስክንድርያ ላይ ተጋቡ።

ባልና ሚስቱ ወዲያው ወደ ሸዋ ለመመለስ ተነሡ። ታጁራ ሲደርሱ በሩ ተዘግቶ ጠበቃቸው። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ፈረንጅ እንዳይገባ ከልክለው ነበር። በዘይላ ሞከሩ፤ አልሆነም። በመጨረሻ በ1843 በምፅዋ በኩል ወደ ትግራይ ለመግባት ወሰኑ። ሮዚና በዚያን ጊዜ ነፍሰ ጡር ነበረች።

የምፅዋን ቆላ በክረምትም ሆነ በበጋ ያየ ሰው ሙቀቱን ያውቀዋል። ከባሕሩ ዳር ወደ ደጋው የሚወጣው መንገድ በሳሆዎች አገር ነው የሚያልፈው፤ በዚያን ዘመን ፈረንጆቹ ሾሆ ይሏቸው ነበር። ጓዝ የሚጭኑትም፣ መንገድ የሚመሩትም እነሱ ናቸው። በዚህ በረሃ መካከል ሮዚናን ምጥ ያዛት። ጊዜዋ ገና አልደረሰም ነበር። አዋላጅ የለም፣ ቤት የለም፣ ገንፎ የሚያገነፋ ሴት የለም። ሴት ልጅ ተወለደች። ክራፍ ዓይኑ እያየ አጠመቃትና ስም አወጣላት፦ «እንባ» ብሎ።

ለእናንተ ትርጉሙን መጻፍ አያስፈልገኝም። ጀርመናዊ አባት ለመጀመሪያ ልጁ ከአማርኛ መርጦ ያወጣው ስም ይህ ነው። ለላኩት ሰዎች በእንግሊዝኛ ሲጽፍ ትርጉሙን አብሮ ማስረዳት ነበረበት። ሕፃኗ ብዙም ሳትቆይ ሞተች። በመንገድ ዳር ካለ ዛፍ ሥር ቀበሯት። ሳሆዎቹ ከዚያ በላይ ለመቆየት ፈቃደኛ ስላልነበሩ፣ ሮዚና በወለደች በሦስተኛው ቀን ተነሥታ መጓዝ ነበረባት።

ይህን ክፍል ሳነብ መጀመሪያ በሳሆዎቹ ተናድጄ ነበር። ኋላ ሳስበው ግን በእነሱም አልፈርድ አልኩ። በረሃ ውስጥ ውኃና ስንቅ ተቆጥሮ ነው የሚያዘው፤ ሲራራ አንድ ቀን ከቆመ የሁሉም ሕይወት ነው የሚያሰጋው። ደግሞ ለእነሱ ይቺ ሴት ማን ናት? ዘመድ አይደለች፣ ጎረቤት አይደለች። እኛስ ብንሆን የማናውቀው መንገደኛ በደጃፋችን ቢሞት ስንቶቻችን ነን ሦስት ቀን የምንቀመጠው? በእኛ አገር አራስ አሥር ቀን እንኳ ሳትሞላ ከቤት አትወጣም፤ በሦስተኛው ቀን በቅሎ ላይ ብትቀመጥም ሆነ በእግሯ ብትሄድ ያቺ ሴት የቻለችውን የሚያውቅ የወለደች ሴት ብቻ ናት። ባለቤቴ ይህን ሳነብላት «እሱስ ወንድ ነው፣ እሷ ምን አድርጋ ነው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ትግራይም ብትሆን አልተቀበለቻቸውም። ጥቂት ሳምንታት እንደተቀመጡ ደጃዝማች ውቤ እንደገና አስወጧቸው። የተቀበረችውን ልጅ ያለፉበትን በረሃ ዳግመኛ ወረዱት ማለት ነው። በኢትዮጵያ በሮች ሁሉ ተዘጉ። ክራፍ ግን አሁንም አንድ ሐሳብ ነበረው። በሸዋ ሳለ ስለ ኦሮሞ ሕዝብ ብዛትና ጥንካሬ ብዙ አጥንቶ ስለነበር፣ በሰሜን ካልተቻለ በደቡብ ከሕንድ ውቅያኖስ ዳር ተነሥቶ ወደ ኦሮሞ አገር መድረስ ይቻላል ብሎ አመነ። እንግዲህ ሞምባሳን ያስመረጠው ይህ ነው እንጂ ስለ ሞምባሳ ብሎ አልሄደም።

በ1843 መጨረሻ ከኤደን በጀልባ ተነሥተው በጥር 1844 ዛንዚባር ገቡ። የዛንዚባር ገዥ ሱልጣን ሰይድ ሰዒድ፣ ይህ ሰው የአምላክን ቃል ሊያስተምር የመጣ ደግ ሰው ነውና ክፉ እንዳይነካው የሚል ደብዳቤ ለሹሞቻቸው ጻፉለት። እስላም ሱልጣን ለክርስቲያን ሰባኪ እንዲህ ያለ ደብዳቤ መስጠታቸው ሊመዘገብላቸው ይገባል። በግንቦት ወር ባልና ሚስቱ ሞምባሳ ተቀመጡ። ክራፍ ወዲያው ስዋሂሊ መማር ጀመረ፤ በሰኔ ወር የኦሪት ዘፍጥረትን መጽሐፍ ወደ ስዋሂሊ መመለስ ያዘ። በሥራው ከረዱት አንዱ የከተማይቱ ቃዲ ነበር። የሚገርም ነው! የእስላሙ ዳኛና የጀርመኑ ቄስ አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው ስለ አዳምና ሔዋን ቃል ሲመርጡ ይታያችሁ።

ሮዚና እንደገና ነፍሰ ጡር ነበረች። የሞምባሳ አየር ለደጋ ሰው ከባድ ነው። በዚያን ዘመን ፈረንጆች ትኩሳት የሚመጣው ከመጥፎ አየር ነው ብለው ያምኑ ነበር። ወባ በትንኝ እንደሚተላለፍ የታወቀው ሮናልድ ሮስ በ1897 ሕንድ አገር ባደረገው ምርመራ ነው፤ እነዚህ ሰዎች ግን ከዚያ ከሃምሳ ዓመት በላይ ቀድመው የሄዱ ናቸው። አጎበር ሳይዘረጉ፣ መስኮት ከፍተው «ንጹሕ አየር» እየሳቡ ነው የተኙት። ምን ይደረግ፣ ሳያውቁት ነው!

በጁላይ ወር መጀመሪያ ላይ ሁለቱም ታመሙ። በጁላይ 6 ቀን ሮዚና ሁለተኛ ሴት ልጇን ወለደች። ትኩሳቱ ግን አልለቀቃትም። ባልየውም በዚያው ትኩሳት አልጋ ላይ ወድቆ ነበር። ጁላይ 13 ቀን 1844 ሮዚና ሞተች። ክራፍ መሞቷን ለማረጋገጥ እንኳ ከአልጋው የተነሣው በጭንቅ ነበር። ሕፃኗም ከእናቷ በኋላ ብዙ ቀን አልቆየችም፤ እሷም በእናቷ አጠገብ ተቀበረች።

ሮዚና ከመሞቷ በፊት የተናዘዘችው ነገር ነበር። ሞምባሳ ደሴት ናት፤ ሮዚና ግን ከደሴቲቱ ማዶ በየብሱ ላይ፣ ዋኒካ ይባሉ በነበሩት ሰዎች አገር፣ መንገድ አጠገብ እንዲቀብሯት ፈለገች። የሚያልፍ የሚያገድም ሰው ሁሉ መቃብሯን አይቶ እነዚህ ሰዎች ለምን መጡ ብሎ እንዲያስብ ነው። እንዳለችውም ሆነ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር። ክራፍ ከዚህ በኋላ ለላኩት ማኅበር ደብዳቤ ጽፎ፣ በምሥራቅ አፍሪካ ዳርቻ የአንዲት ባልደረባቸው ብቸኛ መቃብር እንዳለ ገለጠ፤ ይህም ሥራው መጀመሩን የሚያሳይ ምልክት መሆኑን፣ አፍሪካን ከምሥራቅ በኩል ለማስተማር ጊዜው መድረሱን አስታወቀ። ይህ ደብዳቤ በአውሮፓ ብዙ ጊዜ ታትሟል፤ ብዙ ወጣቶችም ያንን አንብበው ለመሄድ ተነሥተዋል። እኔ ግን መጀመሪያ ሳነበው አልወደድኩትም። የሚስቱንና የልጁን መቃብር እንደ ሰንደቅ ዓላማ የሚተክል ሰው ምን ዓይነት ልብ አለው? አልኩ። በኋላ ትዝ ያለኝ፣ እኛ አንድ ሰው ሲሞትብን ድንኳን ውስጥ የሚመጣው ጎረቤት «አይዞህ፣ ለበጎ ነው» ይለናል። ክራፍ ይህን የሚለው ሰው አልነበረውም። ራሱ ለራሱ ማለት ነበረበት፤ ለቅሶ ደራሽ ቢኖረው ምናልባት ደብዳቤው ሌላ መልክ ይኖረው ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለውን ታሪክ በአጭሩ ላሳልፈው። በ1846 ዮሐንስ ሬብማን የተባለ ሌላ ጀርመናዊ መጣለትና ሁለቱ ከሞምባሳ ወደ ውስጥ ራባይ በምትባል ኮረብታማ መንደር ጣቢያ መሠረቱ። ሬብማን በ1848 የኪሊማንጃሮን ተራራ፣ ክራፍ በ1849 የኬንያን ተራራ አይተው በምድር ወገብ ላይ በረዶ አለ ብለው ጻፉ። በለንደን ወንበር ላይ የተቀመጡ ሊቃውንት ሳቁባቸው። ክራፍ በ1851 ወደ ውስጥ አገር ሲጓዝ ሽፍቶች የሚመራውን የካምባ አለቃ ኪቮይን ገድለውበት፣ ብቻውን በጫካ ሲንከራተት ውኃ በጠመንጃው አፈሙዝ እየቀዳ ነው በሕይወት የተረፈው። በራባይ ከሁሉ አስቀድሞ የተጠመቀው ሚሪንጌ የተባለ አካለ ስንኩል ድሃ ነበር፤ ይህም በሞት አልጋው ላይ ሳለ ነው። ብዙ ዓመት ደክመው ያገኙት ሰው በጣት የሚቆጠር ነበር።

ሬብማን ከሁሉም ይበልጥ ያሳዝነኛል። ኤማ ከተባለች እንግሊዛዊት ሚስቱ ጋር ራባይ ላይ ኖረ። እሷም በ1866 እዚያው ሞተች። እሱ 29 ዓመት ሙሉ አንድ ጊዜ እንኳ ወደ አውሮፓ ሳይመለስ ቆይቶ፣ በ1875 ዓይኑ ጠፍቶ በሰው እጅ እየተመራ አገሩ ገባ። በሚቀጥለው ዓመት ሽቱትጋርት አጠገብ ባለችው በኮርንታል ሞተ።

ክራፍ ግን ኢትዮጵያን አልረሳትም ነበር። በ1855 አፄ ቴዎድሮስ በነገሡበት ዓመት ፍላድ የተባለ ወጣት አስከትሎ መጣ። አሁን የተሻለ ብልሃት ተገኝቶ ነበር፤ ይኸውም ሰባኪ ከመላክ ይልቅ በእጃቸው ሠርተው የሚበሉ የእጅ ባለሙያዎች ይላኩ የሚል የኢየሩሳሌሙ ጳጳስ የጎባት ሐሳብ ነው። ሣህለ ሥላሴ የፈለጉትን ነገር እንግዲህ ቴዎድሮስ ሊያገኙት ነው! ነገሩ ጋፋት ላይ መድፍ እስከ ማስቀለጥ እንደደረሰ ሁላችንም በትምህርት ቤት ተምረነዋል። ብዙ የማይነገረው፣ ፍላድ በ1866 የንጉሠ ነገሥቱን ደብዳቤ ይዞ ለንደን ሲላክ ሚስቱና ልጆቹ እንደ መያዣ መቅረታቸው ነው። ሰውየው አውሮፓ ደርሶ ሲያበቃ፣ ወደ እስር እንደሚመለስ እያወቀ፣ ስለ ሚስቱና ስለ ልጆቹ ብሎ ተመለሰ። ከነቤተሰቡ ነጻ የወጣው በሚያዝያ 1868 መቅደላ ስትወድቅ ነው። በተቃራኒው ቴዎድሮስም ቢሆኑ ለንግሥት ቪክቶሪያ የጻፉት ደብዳቤ ከዓመት በላይ መልስ ሳያገኝ ለንደን ውስጥ ተጥሎ በመቅረቱ መበደላቸው አይካድም። ይህን ታሪክ ዕድሜ ከሰጠኝ በሌላ ጊዜ ለብቻው እጽፈዋለሁ።

ክራፍ ጤናው ተቃውሶ በኮርንታል ተቀመጠና ቀሪ ዘመኑን በመጽሐፍ አሳለፈ። በግብጽ ይኖር የነበረው አገራችን ሰው አቡ ሩሚ ወደ አማርኛ የመለሰው መጽሐፍ ቅዱስ በ1840 ታትሞ ነበር፤ ክራፍ ያንን አርሞ በ1870ዎቹ ባዝል አጠገብ እንደገና አሳተመው። አያቶቻችን «የድሮው መጽሐፍ ቅዱስ» እያሉ ይይዙት የነበረው ብዙው ከዚህ እትም ነው። የስዋሂሊ መዝገበ ቃላቱ ግን የታተመው እሱ ከሞተ በኋላ በ1882 ነው።

በኅዳር 1881 አንድ ማለዳ ክራፍ በአልጋው አጠገብ ለጸሎት እንደተንበረከከ ሞቶ ተገኘ። ሬብማን ከአምስት ዓመት በፊት በተቀበረበት በዚያው በኮርንታል ተቀበረ። ለእሱ እንግዲህ የሚያውቁት ጎረቤቶች ነበሩ፣ ደወል ተደወለለት፣ በአገሩ ቋንቋ ተዘመረለት።

የሮዚና መቃብር ከሞምባሳ ደሴት ማዶ ኒያሊ በሚባለው ሰፈር ዛሬም ይገኛል፤ ለክራፍም መታሰቢያ የሚሆን ሐውልት በዚያው ቆሟል። እሷ ከሞተች ከ30 ዓመት በኋላ፣ በ1875 ገደማ፣ ከባሪያ ነጋዴዎች መርከብ ላይ ነጻ የወጡ አፍሪካውያን ከመቃብሩ ብዙም ሳይርቅ መንደር ተሰጥቷቸው ሰፈሩ። መንደሩ ፍሬር ታውን ተባለ። ከቀዬአቸው ተነቅለው የመጡ፣ አብዛኞቹ ዘመድ የሌላቸው ሰዎች ነበሩ፤ ሙታናቸውንም እርስ በርሳቸው ነበር የሚቀብሩት።